ቅጠሉ ላይ የቀረው ጥላ

ባለፈው ሚያዝያ፣ በድሬዳዋ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ልክ ከአናት በላይ በምትቆምበት ሰሞን፣ በአሮጌ የቀለም ባልዲ ከተከልኳት አንዲት የጥላ ተክል ላይ የረገፈ የኒም ቅጠል አነሣሁ። ያነሣሁት ላጸዳ እንጂ ላጠና አልነበረም። ነገር ግን ደረቁ ቅጠል ሲነሣ ቅርጹ አብሮት አልተነሣም፤ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተሸረከተው የኒም ቅጠል ምስል፣ ከዙሪያው ይልቅ ጠቆር ባለ አረንጓዴ፣ በተክሏ ሰፊ ቅጠል ላይ ቁልጭ ብሎ ታትሞ ቀርቷል። እድፍ መስሎኝ በአውራ ጣቴ ጠረግሁት፤ አልጠፋም። ውኃ አስነክቼ አሸሁት፤ አሁንም አልጠፋም። በሽታ ነው ብዬ ትቼው ወደ ሥራዬ ሄድኩና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመልሼ ባየው ግን ምስሉ የለም። ቅጠሉ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት፣ የጠገበ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀኝ።

እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ለ14 ዓመታት የዕፅዋትን ህዋስ በሰሌዳ ላይ ስያለሁ፦ አራት ማዕዘን ግድግዳ፣ መካከሉን የሞላ ቫኪዩል የሚባል የውኃ ከረጢት፣ ወደ ጥግ የተገፋ ኒውክሊየስ፣ በአረንጓዴ ጠመኔ የተቀቡ ስድስት ወይም ሰባት እንቁላል መሳይ ክሎሮፕላስቶች፣ ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርጉት ክፍሎች። ስድስት ወይም ሰባት የምላቸው አረንጓዴ ጠመኔ ስለሚያጥረኝ እንጂ በአንድ የቅጠል ህዋስ ውስጥ በብዙ አሥሮች የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም መቶ የሚጠጉ አሉ። በሰሌዳው ላይ አንዴ ከተሣሉ ዳስተር እስኪመጣባቸው ድረስ የትም አይሄዱም። ተማሪዎቼም እንደዚያው፣ በየጥጉ ተተክለው የቀሩ አድርገው ወደ ደብተራቸው ገለበጧቸው፤ በፈተና ጠየቅኋቸው፣ ስለውልኝ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋቸው። ክሎሮፕላስት ቦታ እንደሚለውጥ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሳልሰማ አልቀረሁም። ሰምቼ ከሆነም ያ ዐረፍተ ነገር ከፈተናው ማግስት አላለፈም።

ተክሏ የመጣችው ከሐረር ነው። አክስቴ ጀጎል ውስጥ፣ ከአንድ ጠባብ መተላለፊያ በሚገባበት ግቢ ይኖራሉ፤ ተክሏንም ለዓመታት ያቆዩዋት ከሳሎናቸው መስኮት ሥር፣ ፀሐይ በቀጥታ ደርሶባት በማያውቅ ቦታ ነበር። ቅጠሎቿ የእጅ መዳፍ ያህል የሰፉ፣ ስስና ለስላሳ ናቸው። ስሟን አክስቴም አያውቁትም፤ «የጥላዋ» ነው የሚሏት። በደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ በሚኒባስ ጭኜ ሳወርዳት ባልዲዋን በጉልበቴ መካከል ይዤ ነበር፤ ከ1,800 ሜትር በላይ ካለችው ሐረር ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ወዳለችው ድሬዳዋ መውረድ ለሰውም ቢሆን የአንድ ሹራብ ልዩነት ነው።

ስሰናበታቸው አክስቴ አንድ ነገር አስጠንቅቀውኝ ነበር። «ከፀሐይ አርቂያት ልጄ፤ ይህች ፀሐይ ትፈራለች። በረንዳ ላይ ሳወጣት ቅጠሏ ይሸሻል» አሉኝ። እኔም በመምህርነቴ ቸኩዬ፣ «ተክል እግር የለውም እኮ አክስቴ፤ ወዴት ይሸሻል?» ብዬ ሣቅሁ። «እኔ ምን አውቅልሻለሁ፤ ቀለሙ ይሸሻል። ማታ ደግሞ ይመለሳል» አሉ። ልጨቃጨቅ አልፈለግሁም። ፍርሃትና ሽሽት የእንስሳ ቃላት ናቸው፣ ለተክል አይነገሩም ብዬ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንዳረምሁ ግን በልቤ እያሰብሁ ነበር።

የኒሙ ቅጠል ምስል ከጠፋ በኋላ ያነበብሁት ነገር ሁሉ ወደ አክስቴ አነጋገር መለሰኝ። ቀለሙ በእርግጥ ሸሽቶ ነበር።

ክሎሮፕላስት በዕፅዋት ህዋስ ውስጥ ብርሃንን ተቀብሎ ስኳር የሚሠራው ክፍል ነው፤ አረንጓዴነቱም በውስጡ ካለው ክሎሮፊል ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ስፋቱ ወደ 5 ማይክሮሜትር ስለሆነ በ1 ሚሊሜትር ርዝመት ላይ 200 ያህሉ ጎን ለጎን ሊሰለፉ ይችላሉ። ቅርጹ እንደ ምስር ፍሬ ጠፍጣፋ ነው። የሚኖረውም በቫኪዩሉና በህዋሱ ግድግዳ መካከል በቀረችው ስስ የሳይቶፕላዝም (የህዋስ ፈሳሽ) ንጣፍ ውስጥ ነው። ይህ ንጣፍ ህዋሱን ከውስጥ በኩል ዙሪያውን ስለሚሸፍነው ክሎሮፕላስቱ በስድስቱም ግድግዳዎች ላይ ሊዘዋወር ይችላል፤ በመካከል ግን መዋኘት አይችልም፣ መካከሉ የቫኪዩል ነው።

ብርሃኑ ደካማ ሲሆን ክሎሮፕላስቶቹ ብርሃኑን ፊት ለፊት በሚቀበለው የላይኛው ግድግዳና በትይዩው ባለው የታችኛው ግድግዳ ላይ ይሰበሰባሉ። ፊታቸውን ለብርሃኑ ሰጥተው እንደ ተነጠፈ ሰሌን ይዘረጋሉ፤ ከሚመጣው ጥቂት ብርሃን ሳይነካቸው የሚያልፈው እንዲያንስ። ብርሃኑ ሲበረታ ደግሞ ከዚያ ለቀው ወደ ጎን ግድግዳዎች ይሄዳሉ፤ ግድግዳዎቹ ከብርሃኑ አቅጣጫ ጋር ትይዩ ስለሆኑ እያንዳንዱ ክሎሮፕላስት ጠርዙን እንጂ ፊቱን አያሳይም። ያን ጊዜ የህዋሱ መካከል ባዶ መስኮት ይሆንና ብርሃኑ በዚያ በኩል ወደ ታች ያልፋል። ቅጠሉ የሚገረጣው ለዚህ ነው። አንዲት የክሎሮፊል ጠብታ አልጎደለችም፤ ለዓይን የምትታየው ግን ተሸጋሽጋ፣ ተደራርባ፣ መካከሉን ለብርሃን ትታ ነው። በኒሙ ቅጠል የተከለለው ቦታ ብርሃን ስላልበረታበት በውስጡ ያሉት ክሎሮፕላስቶች ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ እኔ ምስል ብዬ ያየሁትም ያልሸሹትን ነበር።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ የጀጎል መተላለፊያ ነው። በእኩለ ቀን እነዚያን ጠባብ መንገዶች የሚሄድ ሰው መካከሉን ትቶ ከግንቡ ሥር በቀረችው ጥላ ተጠግቶ ነው የሚያልፈው፤ ከላይ ለሚያይ መንገዱ ባዶ፣ ግድግዳው ግን ሰው የለበሰ ይመስላል። ምሳሌውን ወድጄው በክፍል ተናግሬዋለሁ፤ ቆይቼ ሳስበው ግን እንከን አገኘሁበት። የጀጎል ግንብ ድንጋይ ስለሆነ ጥላ ይጥላል፤ የህዋስ ግድግዳ ግን ብርሃን ያሳልፋል፣ ጥላም የለውም። በዚያ የተሰለፉት ክሎሮፕላስቶች የሚጠለሉት በግድግዳው ሳይሆን አንዱ በሌላው ነው፤ የላይኛው ለታችኛው ጥላ ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ምሳሌውን ከነእንከኑ እነግራቸዋለሁ።

ነገሩን ሰዎች ካዩት ቆይቷል። የኦስትሪያው የዕፅዋት ተመራማሪ ዮሴፍ ቦኽም ክሎሮፕላስቶች በብርሃን ምክንያት ቦታ እንደሚለውጡ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1856 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ ይህም ዳግማዊ ቴዎድሮስ በነገሡ በዓመቱ መሆኑ ነው። ጀርመናዊው ኤርንስት ሽታል በ1880 የብርሃን አቅጣጫና ጥንካሬ የሚያመጣውን ለውጥ ሲያጠና ሐረር ገና በግብፅ ጦር እጅ ነበረች። በባዝል የሠራው ስዊዘርላንዳዊ ጉስታቭ ዜን በ1908 ከብዙ ዓይነት ዕፅዋት የሰበሰበውን የክሎሮፕላስት አቀማመጥ በአንድ ትልቅ ጥራዝ ሲያወጣ ደግሞ ድሬዳዋ ከባቡሩ ጋር የተወለደች የስድስት ዓመት ከተማ ነበረች። እንግዲህ እኔ ለ14 ዓመታት በሰሌዳ ላይ ተክዬ ያቆየኋቸው ነገሮች እንደሚንቀሳቀሱ ከታወቀ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው።

ያልታወቀው ብርሃኑን የሚያየው ማን እንደሆነ ነበር። ክሎሮፊል ራሱ ነው እንዳይባል፣ ክሎሮፊል ቀዩንም ሰማያዊውንም ብርሃን አጥብቆ ይመጥጣል፤ በአብዛኞቹ አበባ አብቃይ ዕፅዋት ግን ክሎሮፕላስቶችን የሚያንቀሳቅሰው ሰማያዊው ብርሃን ነው። ስለዚህ ሌላ ተቀባይ መኖር አለበት። የተገኘበት መንገድ ለእኔ ከግኝቱ ይበልጥ አስደሳች ነው፤ የእኔን የኒም ቅጠል ይመስላልና። በጃፓን የእነ ታካቶሺ ካጋዋና የማሳሚትሱ ዋዳ ቡድን የጎመን ዘመድ የሆነችውን ትንሿን አራቢዶፕሲስ ወስዶ፣ ዘረመላቸው በዘፈቀደ እንዲለወጥ ከተደረጉ ብዙ ችግኞች ቅጠል እየቆረጠ፣ ቀጭን ስንጥቅ ባለው ጥቁር ሰሌዳ እየሸፈነ በላዩ ኃይለኛ ብርሃን ለቀቀበት። በጤነኛው ቅጠል ላይ ስንጥቁ ባለበት የገረጣ መስመር ይወጣል። መስመር ያላወጣው ቅጠል ግን መሸሽ የማይችል ክሎሮፕላስት የያዘ ነው፤ ጉድለቱም የቱ ዘረመል ላይ እንዳለ ይፈለጋል። በ2001 የተገኘው ፎቶትሮፒን 2 የሚባለው ፕሮቲን ነው። ታላቅ ወንድሙ ፎቶትሮፒን 1 ከዚያ ቀደም ብሎ ታውቆ ነበር፤ ችግኝ ወደ መስኮት እንዲያጋድል የሚያደርገው እርሱ ነው። ያን ማጋደል ቻርልስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ በሣር ቡቃያ ላይ መርምረው ያሳተሙት፣ እንዳጋጣሚ፣ ሽታል ስለ ክሎሮፕላስት በጻፈበት በዚያው በ1880 ነበር።

ሥራው በሁለቱ ፎቶትሮፒኖች መካከል የተከፋፈለ ነው። ወደ ደካማ ብርሃን መሰብሰቡን ሁለቱም ያዝዛሉ፤ ከኃይለኛ ብርሃን መሸሹን ግን በዋናነት የሚያዝዘው ፎቶትሮፒን 2 ነው። የሙያው ሰዎች ለእነዚህ ለሁለቱ የሰጧቸውን ስሞች ወደ አማርኛ ስመልሳቸው አንዱ «የመሰብሰብ ምላሽ» ሌላው «የሽሽት ምላሽ» ሆነልኝ። ሽሽት! አክስቴን ያረምኩበት ቃል ራሱ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የወሰደው ግን ካጋዋና ዋዳ በአንዲት ህዋስ ላይ ያደረጉት ሌላ ሙከራ ነው። እንደ መርፌ ጫፍ የቀጠነ ኃይለኛ የብርሃን ጨረር በህዋሱ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ያሳርፋሉ። በነጥቡ ውስጥ የነበሩት ክሎሮፕላስቶች ለቀው ይወጣሉ። ከነጥቡ ውጪ በጨለማ የነበሩት ግን በተቃራኒው ወደ ብርሃኑ ይመጣሉ፤ ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፣ አይገቡም፣ አይመለሱምም፣ ዙሪያውን ከብበው ይቀራሉ። መብራቱ ሲጠፋ ደግሞ ያን ጊዜ ወደ ነጥቡ ይገባሉ። ይህን ያነበብሁት ባለፈው መስከረም ስለነበር ከደመራ ሌላ ምን ሊመጣልኝ ይችላል? ችቦው ተለኩሶ ሲንቦገቦግ ሕዝቡ በፊት የነበረበትን ለቆ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ከሩቅ ያለው ወደ እሳቱ ይጋፋል፤ ሙቀቱ ፊትን በሚለበልብበት ልክ ላይ ክብ ይሠራል፤ በማግስቱ ጠዋት እሳቱ ከበረደ በኋላ ደግሞ ሁሉም አመዱን ግንባሩ ላይ ሊቀባ ወደ መካከል ይገባል። የሙከራው ሌላው ጥልቅ ትምህርት ግን ከዚህ የሚያልፍ ነው፦ ኃይለኛው ብርሃን ራሱ ሁለት ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ይሰጣል ማለት ነው፤ ለራቀው «ና»፣ በውስጡ ላለው «ውጣ» ይላል። የሚጠራው መልእክት ሩቅ ሲጓዝ የሚያባርረው ከብርሃኑ ክልል አይወጣም።

እግር የለውም ያልኩት ነገር በምን እንደሚሄድ ልመለስበት። በህዋሱ ውስጥ አክቲን የሚባሉ እጅግ ቀጫጭን የፕሮቲን ክሮች አሉ፤ በእኛ ጡንቻ ውስጥ ካሉት ክሮች ጋር አንድ ዘር ናቸው። በ2009 የታተመ የጃፓናውያን ጥናት እንዳሳየው፣ ክሎሮፕላስት ሊንቀሳቀስ ሲል ከህዋሱ ሽፋን ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ አጫጭር የአክቲን ክሮች ይበቅላሉ። ክሮቹ ወደሚሄድበት ወገን ይበዛሉ፣ በኋላው ወገን ያንሳሉ፤ የፊትና የኋላው ልዩነት በሰፋ ቁጥርም ፍጥነቱ ይጨምራል። በኃይለኛ ብርሃን ጊዜ መጀመሪያ የነበሩት ክሮች ይበተኑና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በሚሸሽበት አቅጣጫ እንደ አዲስ ይሠራሉ። ክሎሮፕላስቱን ከሽፋኑ ጋር የሚያያይዘውና ክሮቹ እንዲሠሩ የሚያስፈልገው ቸፕ 1 የተባለ ፕሮቲን ነው፤ በ2003 የታወቀው ይህ ፕሮቲን የጎደለባቸው ተክሎች ክሎሮፕላስቶቻቸው ብርሃን መጣም አልመጣም በህዋሱ ወለል ላይ ተከማችተው ይቀራሉ። ጤነኛ ክሎሮፕላስት አስቀድሞ ዞሮ ፊቱን ማስተካከልም አያስፈልገውም፤ በፈለገው ጎን ይንሸራተታል። ፍጥነቱ በደቂቃ ወደ 1 ማይክሮሜትር ነው። በአንድ ሰዓት ሄዶ ሄዶ የአንድ ጠጉር ውፍረት አይሞላም፤ ይሁን እንጂ ለእርሱ ይህ የራሱን ስፋት ከአሥር ጊዜ በላይ መጓዝ ነው።

ለምን ይደክማል? ፀሐይ ምግቡ ከሆነች ብትበዛ ምን ትጎዳዋለች? ይህ የተማሪ ጥያቄ ነው፣ ትክክለኛም ጥያቄ ነው። ቅጠል በተለይም የጥላ ቅጠል የእኩለ ቀን ፀሐይን ትንሽ ክፍል ብቻ ነው ወደ ስኳር መለወጥ የሚችለው፤ የተረፈው ኃይል መውጫ ካላገኘ ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶችን ይፈጥራል፣ ብርሃን የሚቀበለውን የማሽኑን ክፍልም ይሰብራል። ተክሉ የተሰበረውን ዲ1 የሚባል ፕሮቲን ያለማቋረጥ እየነቀለ በአዲስ ይተካል፤ ስብራቱ ከጥገናው ሲፈጥን ግን ቅጠሉ ይነጣል፣ ይደርቃል። በ2002 የታተመ ጥናት መሸሽ የማይችሉትን የአራቢዶፕሲስ ተክሎች ከጤነኞቹ ጋር በኃይለኛ ብርሃን ሥር አስቀምጦ ሲያወዳድር መሸሽ ያቃታቸው ክፉኛ ተጎድተው፣ ቅጠላቸው ነጥቶ ሞቷል። በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የሳንቲሙን ሌላ ገጽ አሳየኝ፦ ብርሃኑ ለስላሳ በሆነበት የቤተ ሙከራ ክፍል፣ ሽሽትን የማያውቁት፣ ዘወትር ፊታቸውን ለብርሃን የሰጡት ተክሎች ከጤነኞቹ የበለጠ ክብደት አፈሩ። ሽሽት ዋጋ አለው ማለት ነው፤ ጥንቃቄው በከንቱ በሚሆንባቸው ቀናት ተክሉ የሚከፍለው ዋጋ። የድሬዳዋ ሰው ቀትር ላይ ሱቁን ዘግቶ ሲተኛ ምን ያህል ገበያ እንደሚያጣ ያሰላ እንደሆነ እንጃ፤ ዝናብ በሚያካፋበት ቀንም ይተኛል፣ ለምዷላ።

ግንቦት ላይ ነገሩን ወደ ክፍል ይዤው ገባሁ። ከጫማ ካርቶን ላይ ቁራጭ ቆርጠን፣ ጥቁር ቀብተን፣ በምላጭ አንድ ስንጥቅ አወጣንለትና በተክሏ ቅጠል ላይ በወረቀት መያዣ አጣበቅነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ተኩል ፀሐይ ላይ አቆይተን ስንገልጠው ቀጭን የገረጣ መስመር ቅጠሉን ለሁለት ከፍሎታል። ከኋላ ወንበር ይቀመጥ የነበረ፣ ስሙን ለመጥራት ብዙ ምክንያት ሰጥቶኝ የማያውቅ ልጅ፣ «ቲቸር፣ ተቃጥሎ ቢሆንስ?» አለ። ከዚያ የተሻለ ጥያቄ በዚያ ዓመት አልተጠየቅሁም። የተቃጠለ ቅጠል አይመለስም፤ እንግዲያው ጥላ ውስጥ አስቀምጠን እንጠብቅ አልኩት። ከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜው ሲደርስ መስመሩ አልነበረም፤ ልጁ ቅጠሉን ወደ መስኮት አንሥቶ፣ ገልብጦ፣ እንደ ሐሰተኛ ብር ሲመረምረው ቆየ።

ሌላ ቀን ደግሞ ስንጥቁን በቀይ ፌስታልና በሰማያዊ ፌስታል ሸፍነን ሞከርን። በሰማያዊው ሥር ደብዛዛ መስመር ወጣ፤ በቀዩ ሥር ምንም። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። እኔ ግን ብዙ አልጨፈርሁም፤ ፌስታል የቤተ ሙከራ ማጣሪያ አይደለም፣ ቀዩ ብርሃኑን በአጠቃላይ ከሰማያዊው ይበልጥ ቀንሶት ሊሆን ይችላልና። ይህንኑ ነገርኳቸው። ደስታቸው ሲበርድ ማየት ደስ አይልም፣ ነገር ግን በደብተራቸው «ቀይ ብርሃን አያንቀሳቅስም» ብለው በዚያ ፌስታል ብቻ እንዲጽፉ አልፈለግሁም።

መንቀሳቀሱን ራሱን በዓይናችን ያየነው መስከረም ላይ ነው። የአክስቴ ግቢ ግንብ በክረምት እንደ ከፋይ በለሰለሰ አረንጓዴ ሞስ ይሸፈናል። የሞስ ቅጠል ከመካከለኛው ጅማቱ በቀር ውፍረቱ የአንድ ህዋስ ብቻ ስለሆነ ቆርጦ ማሳሳት አያስፈልገውም፤ በመስታወት ላይ በውኃ ጠብታ አስቀምጦ ማየት ነው። በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ ድሬዳዋ ይዤ ወረድሁ፤ ሌሊቱንም ጥላ ውስጥ አሳደርሁት። ትምህርት ቤታችን ውስጥ መብራቱ የሚሠራው ማይክሮስኮፕ አንድ ነው። መብራቱን አደብዝዘን በ400 እጥፍ ስናይ ክሎሮፕላስቶቹ በህዋሱ ፊት ላይ እንደ ተሰጣ አተር ተበትነው ነበር። ከዚያ መብራቱን እስከ መጨረሻው ከፈትን።

ማንም ምንም ሲንቀሳቀስ አላየም። እንደ ሰዓት ቆጣሪ ዘንግ ነው፤ ሲሄድ አይታይም፣ ሄዶ ነው የሚታየው። ስለዚህ ተማሪዎቹን በተራ አቁሜ እያንዳንዳቸው በየአምስት ደቂቃው አንዲቱን ህዋስ ብቻ እንዲሥሉ አደረግሁ። ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየን በኋላ ሥዕሎቹን በቅደም ተከተል ጠረጴዛ ላይ ደረደርናቸው። በመጀመሪያው ሥዕል መካከሉ ሙሉ ነው፤ በሦስተኛው ክፍተት ይታያል፤ በመጨረሻው ህዋሱ ዳር ዳሩን በአረንጓዴ ዶቃ የተዘመዘመ ባዶ ክፍል ሆኗል። አንዲት ልጅ በራሷ ሥዕል ላይ አንዱን ክሎሮፕላስት መካከል ላይ ብቻውን ትታዋለች። ተሳስታ እንደሆነ ስጠይቃት፣ «አይደለም ቲቸር፣ እሱ አልሄደም፤ ሦስቴ አይቼዋለሁ» አለች። ገብቼ አየሁ። እውነቷን ነው፣ አልሄደም።

ሰሌዳ ላይ የምሥለውን ሥዕል ከዚያ ወዲህ ለውጬዋለሁ። አሁን ሁለት ህዋስ ጎን ለጎን እሥላለሁ፤ በአንዱ ላይ «ጠዋት»፣ በሌላው ላይ «ቀትር» ብዬ እጽፋለሁ። አረንጓዴ ጠመኔው ድሮም የማይበቃው አሁን በእጥፍ ያልቃል።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ የነገርኳቸው በስልክ ነው። ስለ ፎቶትሮፒን አልነገርኳቸውም፤ ቀለሙ በእርግጥ እንደሚሸሽ፣ ወደ ግድግዳ እንደሚጠጋ፣ ሳይንቲስቶቹም ሽሽት እንደሚሉት ብቻ ነገርኳቸው። «እኔስ ምን አልኩሽ» አሉ፣ ወዲያውም ስለ ዘይት ዋጋ ማውራት ጀመሩ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ተክሏን ካመጣኋት ወዲህ ወደ ጥላ አልመለስኳትም፤ እዚያው ከኒሙ ጥግ፣ ግማሽ ቀን ፀሐይ በሚያገኛት ቦታ ቆይታ በክረምቱ አዳዲስ ቅጠሎች አውጥታለች። አዲሶቹ ያነሱ፣ የወፈሩና የጠነከሩ ናቸው፤ በጣት ሲታጠፉ ድምፅ ይሰጣሉ። በኃይለኛ ፀሐይ ሥር ያደጉ ዕፅዋትን የመረመሩ የጃፓን ተመራማሪዎች በእነዚያ ቅጠሎች ውስጥ ሽሽቱ እምብዛም እንደማይሠራ ጽፈዋል። ህዋሶቹ በክሎሮፕላስት ስለሚሞሉ የጎን ግድግዳዎቹ ቀድሞውኑ ተይዘዋል፤ የሚሸሽበት ባዶ ቦታ የለም። ከፀሐይ ጋር ያደገ ቅጠል በሌላ መንገድ ነው የሚቋቋማት፤ የተረፈውን ኃይል ወደ ሙቀት እየለወጠ ይጥላል፣ የተሰበረውን ይጠግናል።

ጥቅምት ውስጥ፣ ደመና በሌለበት አንድ ቀን፣ ከኒሙ ሥር ሁለት ተመሳሳይ ቅጠሎች ለቀምሁ። አንዱን ከሐረር ከመጡት አሮጌ ቅጠሎች በቀረው ላይ፣ ሌላውን ድሬዳዋ በበቀለው ላይ አጋድሜ በጠጠር ያዝኳቸው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱንም አነሣሁ። በአሮጌው ላይ ጠርዙ የተሸረከተው ምስል እንደ ሚያዝያው ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። በአዲሱ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ መነጽሬን አውልቄ፣ በጎን በኩል ፈለግሁት፤ አልነበረም።

ማታ አክስቴ ደወሉ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ሙቀቱ ከጠየቁ በኋላ፣ «ያቺ ተክልስ፣ አሁንም ትሸሻለች?» አሉኝ።

«ከእርስዎ ዘንድ ይዛቸው የመጣችው ቅጠሎች ይሸሻሉ» አልኳቸው። «እዚህ ያወጣቻቸው ግን አይሸሹም።»